ትርፉን ከማየት ጎዳናውን ማየት

ነጋዴው ዓይኑን ጨፍኖ የሚመኘውን ፎቅ፥ የሚገዛውን የጭነት መኪናና በባንክ የሚያስቀምጠውን ገንዘብ በዓይነ ኅሊናው እንዲመለከት የሚሰጠው ምክር ዛሬ በብዙ ሥልጠና ላይ ይሰማል። ምክሩ ለጆሮ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ነጋዴው መጨረሻውን ብቻ እንጂ ወደዚያ የሚያደርሰውን ጎዳና እንዲያይ ስለማያደርገው ጉዳቱ ከጥቅሙ ሊያይል ይችላል።

ነገሩ በሊቃውንት ተመርምሯል። በሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሊየን ፋምና ሼሊ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጥናት፥ ፈተና የቀረባቸው ተማሪዎች ከፊሎቹ ከፍተኛ ውጤት አግኝተው ሲደሰቱ፥ ከፊሎቹ ደግሞ ተቀምጠው ሲያጠኑ ራሳቸውን በየቀኑ በሐሳብ እንዲመለከቱ ተደረገ። የተሻለ ውጤት ያገኙት ድካሙን ያሰቡት እንጂ ደስታውን ያሰቡት አልነበሩም። እንደዚሁም ገብሪኤለ ኧቲንገንና ዶሪስ ማየር በ2002 እንደ ገለጹት፥ መልካም ሥራ ይዘው በምኞት ዘወትር ራሳቸውን ይመለከቱ የነበሩ የጀርመን ዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ከሁለት ዓመት በኋላ ሲታዩ ያቀረቡት ማመልከቻ ያነሰ፥ ደመወዛቸውም ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። የሕልም እንጀራ ሆድ ባይሞላም ረኃቡን ለጊዜው ያስረሳልና፥ በሐሳቡ የጠገበ ሰው ለመነሣት ይዘገያል።

አሜሪካዊው ዋናተኛ ማይክል ፌልፕስ እ.ኤ.አ. በ2008 በቤይጂንግ ኦሊምፒክ በ200 ሜትር የቢራቢሮ ዋና ሲወዳደር መነጽሩ ውሃ ሞላበትና ማየት ተሳነው። እርሱ ግን ከአሠልጣኙ ከቦብ ቦውማን ጋር ድሉን ብቻ ሳይሆን ሊደርስ የሚችለውንም ብልሽት በሐሳቡ እያመላለሰ የተዘጋጀ ስለ ነበረ፥ እጁን የሚያነሣበትን ቁጥር እየቆጠረ በ1 ደቂቃ ከ52.03 ሴኮንድ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰብሮ ወርቁን ወሰደ።

ቡና ላኪው ከዚህ የሚወስደው አለ። የይርጋጨፌ ቡናውን በሌተር ኦፍ ክሬዲት የሸጠ ሰው በዓይነ ኅሊናው ሊያይ የሚገባው ዶላሩ ሲገባ አይደለም። ናሙናው ተልኮ ገዢው ሲቀበለው፥ ውሉ ሲመዘገብ፥ ጥራቱ ሲመረመር፥ ጆንያው በኮንቴይነር ተጭኖ በጋላፊ በኩል ወደ ጅቡቲ ሲወርድ፥ ከዚያም ቢል ኦፍ ሌዲንጉ፥ ደረሰኙና የሥሪት አገር የምስክር ወረቀቱ አንድ በአንድ በባንኩ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጉ ይመልከት። ይልቁንም በዚህ ጠረጴዛ ላይ ብዙ ይቆይ። የዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ከ2007 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው፥ ቁጥር 600 በተባለው ደንብ መሠረት ባንክ የሚመለከተው ወረቀቱን እንጂ ቡናውን አይደለም፤ በክሬዲቱ ሌላ ቀን ካልተወሰነም ወረቀቱ ዕቃው ከተጫነ በ21 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት። ቡናው እጅግ ያማረ ሆኖ ሳለ የገዢው ስም በአንድ ፊደል ስለ ተዛባ ወይም የጆንያው ቁጥር በሁለት ወረቀት ላይ ስለ ተለያየ ክፍያው ሊታገድ ይችላል። ይህን ሁሉ ለጸሐፊው ትቶ ፎቁን ብቻ የሚያልም ባለቤት አይጠፋም፤ ጸሐፊው ግን ፎቁን አያይም፤ የሚያየው ፊደሉን ነው።

ለአስመጪውም ቢሆን ያው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፥ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በሐሳብ መመልከት ዶላር አያስገኝም፤ ዕዳንም አይከፍልም። ሆኖም «ተመኑ በአንድ ጊዜ ቢያሻቅብ የትኛውን ዕቃ አስቀድሜ አዝዛለሁ፥ የትኛውን እተዋለሁ፥ ለደንበኛዬስ ምን እላለሁ» ብሎ አስቀድሞ ያሰበና በድንገት የተያዘ አንድ ዓይነት ማለዳ አይኖራቸውም። ባለመደብሩም ዱቤ የሚጠይቀው ደንበኛ በር ላይ ሳይቆም መልሱን በልቡ ቢለማመደው ፊቱ ላይ አይጨነቅም።

ስለዚህ ለነጋድያን የሚዘጋጀው ሥልጠና ፎቅ ማሳየቱን ለሌላ ጊዜ አቆይቶ፥ አንድ ያላለቀ የክሬዲት ፋይል ለእያንዳንዱ ሰው ቢሰጥና ከውሉ እስከ ክፍያው በየትኛው እርምጃ ላይ ምን ሊበላሽ እንደሚችል ሩብ ሰዓት በዝምታ እንዲያስብበት ቢደረግ የተሻለ ይሆናል።