ኪቦርዱ ይሸጥ ወይስ ይቆይ?

ባለፈው እትም ስለ ሠርግ ወጪ ከጻፍን በኋላ ከአንድ የተከበሩ አባት ማስታወሻ ደርሶናል። የወጣቶች ክበባችን ኪቦርድ ተሸጦ ከበሮ፣ ማሲንቆና ክራር ይገዛበት ይላሉ። «ሙዚቃ ሰው ተሰብስቦ የሚሠራው ነገር ነው፤ አንድ ልጅ ብቻውን ቁጭ ብሎ ማሽን የሚነካካው ምኑ ሙዚቃ ነው?» ሲሉ ይጠይቃሉ። ወጣቶቹ ተቆጥተዋል። እኛ ግን ጥያቄው መልስ የሚገባው ስለሆነ፣ ከመቆጣታችን በፊት የአንድ ሰው ታሪክ እናንሳ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ኃይሉ መርጊያን ብዙዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ። ከዋልያስ ባንድ ጋር በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ለዓመታት ተጫውተዋል። ዘመኑ የደርግ፣ ሌሊቱም የሰዓት እላፊ ነበር፤ ጨፋሪው እስኪነጋ እዚያው ያድር ነበር። በ1977 የወጣውን «ቸ በለው» የተባለውን አልበም ስሙት። ኦርጋኑ አለ፣ ከበሮው አለ፣ ቤዙና ትንፋሹ አለ። አንዱ ሲናገር ሌላው ይመልሳል። አባታችን «ተሰብስቦ የሚሠራ» ያሉት ይህንን ከሆነ አልተሳሳቱም።

በ1981 ባንዱ አሜሪካ ሄዶ ዞሮ አሳየ። ከዚያ ገሚሱ አገር ቤት ተመለሰ፤ ኃይሉን ጨምሮ ገሚሱ እዚያው ቀረ። ባንዱ በዚሁ ተበተነ ማለት ይቻላል።

ታዲያ ሰውዬው ምን አደረጉ? በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አንዲት ትንሽ ስቱዲዮ ገብተው ብቻቸውን አንድ ካሴት ቀረጹ። በልጅነታቸው የተማሩትን አኮርዲዮን አነሡ፤ ከጎኑ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ያማሃ ዲኤክስ 7 የተባለውን ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን አቆሙ። ዲኤክስ 7 በ1983 ገበያ ላይ የወጣ መሣሪያ ነው። አንዱን የድምፅ ሞገድ በሌላው እያወዛወዘ አዲስ ድምፅ ይፈጥራል፤ በአንድ ጊዜም እስከ 16 ድምፅ ያወጣል። ኃይሉ በዚህ ሁሉ የተጫወቱት ግን የፈረንጅ ዜማ አልነበረም፤ እነ «ሸሞንሟናዬ»ን ነው። ማሽኑ አዲስ፣ ዜማው የአያቶቻችን።

ይህ የኛ ብቻ ወሬ እንዳይመስላችሁ። በዚያው ዘመን እንግሊዝ አገር ዲፔሽ ሞድ የተባሉ ልጆች ነበሩ። የመጀመሪያ አልበማቸውን በ1981 ያወጡት በሲንተሳይዘር ነው። አብዛኛውን ዘፈን የደረሰላቸው ቪንስ ክላርክ በዚያው ዓመት ጥሏቸው ሄደ። አበቃላቸው ሲባል ማርቲን ጎር ድርሰቱን ተረከበ፤ ሙዚቃቸውም እየጠቆረና እየከበደ መጣ። በ1993 ደግሞ በሰው እጅ የሚመታ ከበሮ አስገቡ። ኃይሉ ከሰው ወደ ማሽን ሄዱ፣ እነዚህ ከማሽን ወደ ሰው። መንገዱ አንድ አቅጣጫ ብቻ የለውም ማለት ነው።

አሁን ወደ ባሕሪ እንመለስ። እዚያ ሳለን ዓርብ ዓርብ ቡና የምትሸጥ አንዲት እህታችን ዘንድ እንሰበሰብ ነበር። ይህ የኃይሉ ካሴት ሲከፈት ሱዳናውያን ጎረቤቶቻችንም ጸጥ ብለው ያዳምጡ ነበር። ግጥም የለውማ፤ አስተርጓሚ አያስፈልግም። ትዝታችንና ባቲያችን በአምስት ድምፅ እንደሚሄዱ ሁሉ የእነሱም ዘፈን በአብዛኛው በአምስት ድምፅ ይሄዳል። በገዳሪፍ በኩል ጃንትራ የሚባል ሱዳናዊ እስከ ዛሬ የምናውቀውን የሠርግ ኪቦርድ ይዞ በ2023 አልበሙ ለዓለም ወጣለት።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ ጦርነቱ ባሕሪን አገኘ። ካሴቱም ቴፑም እዚያው ቀሩ። እህታችን የት እንደደረሰች እስካሁን አልሰማንም።

እና የክበባችንን ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ባሕሪ በየሀፍላው ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ሲጫወት ያየነው ያ ልጅ ነው። ከበሮ የሚመታለት አንዱ ነበር፣ ቤዝ የሚይዝለት ሌላው፣ የሚዘፍነው ሦስተኛው። ሦስቱም አሁን በየፊናቸው ናቸው። ልጁ ብቻውን የሚጫወተው ሰው ጠልቶ አይደለም፤ ሰዎቹ ስለሌሉ ነው። በግራ እጁ ቤዙን ሲይዝ የጓደኛውን ቦታ እየጠበቀ ነው።

አባታችን እውነት ያላቸው አንድ ቦታ አለ። የማሽን ከበሮ አይደክምም፣ አይሳሳትም፣ ጨፋሪውንም አያይም። የኪቦርዱ ቁልፍም በማሲንቆ ጅማት ላይ ጣት የሚያደርገውን መንሸራተት አያውቅም። ይህን የማይቀበል ወጣት ማሲንቆ አልሰማም።

የኃይሉን መጨረሻ ግን እንይ። ለዓመታት ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ነዱ። ኪቦርዳቸውን መኪናው ውስጥ ይዘው፣ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ ሲጠብቁ ይለማመዱ ነበር። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ያንን ካሴት ባሕር ዳር አግኝቶ በ2013 እንደገና አሳተመው። ከዚያ ጥሪው መጣ። በ2018 «ላላ በሉ»ን ሲያወጡ ከበሮ መቺና ቤዝ ተጫዋች አብረዋቸው ነበሩ። የመጨረሻውን ቁራጭ ብቻ ብቻቸውን በፒያኖ ተጫወቱት። ያ የመኪና ውስጥ ልምምድ ባይኖር፣ ሰዎቹ ሲገኙ ጣታቸው ዝግጁ ይሆን ነበር?

የኛ ሐሳብ እንግዲህ ይህ ነው። ኪቦርዱ አይሸጥ። ከበሮው ደግሞ እንጨትና ቆዳ ካለን እዚሁ ይሠራል፤ የሚያውቁ እናቶች አሉን። በሚቀጥለው ሠርግ ልጁ የማሽኑን ከበሮ ያጥፋው፤ ማስታወሻውን የጻፉልን አባት ደግሞ በወጣትነታቸው ከበሮ መቺ እንደነበሩ ሰምተናልና ከጎኑ ይቀመጡ። አባታችን፣ እምቢ አይበሉን።

ቸር ይግጠመን።