ስፖርት የበላነው ምግብ ቅጣት አይደለም

ክብደቷ የጨመረ ልጅ ይዛችሁ ስትመጡ የብዙዎቻችሁ የመጀመሪያ ጥያቄ «ዶክተር፣ ስንት ኪሎ መቀነስ አለባት?» የሚል ነው። እኔ ግን በቅድሚያ ማወቅ የምፈልገው ምን መጫወት እንደምትወድ ነው።

ቤት ውስጥ የምንለውን እስኪ እናስታውስ። «ይህን ሁሉ በልተሽ ትተኛለሽ? ተነሺ ሩጪ!» እንግዳ ሲመጣ ደግሞ «ውይ፣ እንዴት ወፈርሽ!» ይላል። ድሮ መወፈር የድሎት ምልክት ስለነበር አባባሉ እንደ ምርቃት ይቆጠር ነበር፤ የዛሬዋ የ13 ዓመት ልጅ ግን የምትሰማው ስድብ ነው። ከዚህ የምትማረውም መብላት ጥፋት፣ መሮጥ ቅጣት መሆኑን ነው። ቁርስ ትዘላለች፤ ማታ ርቧት ተደብቃ ብዙ ትበላለች፤ በማግስቱ ተጸጽታ እንደገና ትዘላለች። ወንዶቹም ከዚህ አያመልጡም። የአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ወላጆች ስለ ክብደት ሳይሆን ስለ ጤናማ አመጋገብና እንቅስቃሴ እንዲያወሩ የመከረው ያለ ምክንያት አይደለም።

እንቅስቃሴ ኪሎ ባይቀንስም ይጠቅማል፦ ኢንሱሊን በደንብ እንዲሠራ ያግዛል፣ ለደም ግፊት፣ ለእንቅልፍና ለስሜትም ጥሩ ነው። ስለዚህ ሚዛኑን ከቤት አውጡት። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች ትንፋሽ የሚያፈጥን እንቅስቃሴ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ይመክራል። በአንድ ጊዜ መሆን የለበትም፤ በ10 ደቂቃ ጀምሩ። ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ፣ ገመድ ዝላይ፣ ኳስ፣ እስክስታም ይቆጠራል (እስክስታን የናቀ አምስት ደቂቃ ይሞክረው!)። ሰው እያያት መሮጥ ልታፍር ስለምትችል ብቻዋን አትላኳት፤ አብራችኋት ውጡ። ቀጭኑ ወንድሟም ይውጣ፤ ለእሷ ብቻ የታዘዘ ስፖርት ቅጣት ነው። ስትመለሱ ለሁሉም አንድ ዓይነት ምግብ ይቅረብ። «ዛሬ ስለሮጥሽ ኬክ ይገባሻል» አትበሏት፤ ይህም ያው የቅጣትና የሽልማት ሂሳብ ነው።

ከምግብ በኋላ ቶሎ ቶሎ መጸዳጃ ቤት መግባት፣ ማስታወክ፣ እያመማት እንኳ «ስፖርት ካልሠራሁ» ማለት፣ ራስ ማዞር ወይም የወር አበባ መቅረት ካያችሁ አትቆጧት፤ ወደ ሐኪም አምጧት። ጾምም ሽፋን ሊሆን ይችላል፤ ጾሙ ተፈትቶም ከገበታ የምትሸሽ ከሆነ ልብ በሉ። ኪሎዋ አሁንም ከፍ ያለ መሆኑ አያዘናጋችሁ፤ የአመጋገብ ሕመም ቀጫጭኖችን ብቻ የሚይዝ አይደለም።