አቴንዳንስና ፊርማችን

ባለፈው ሴሚስተር ማለቂያ ላይ አንድ ቀን፣ ከጠዋቱ በ2 ሰዓት በሚጀምረው ትምህርት፣ ከኋላ ወንበር የተቀመጥን ሦስት ተማሪዎች ሥራ ፈትተን የሰው ራስ መቍጠር ጀመርን። በክፍሉ ውስጥ የነበረው ሰው 41 ነው። የአቴንዳንሱ ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ በመጨረሻ እኛ ዘንድ በደረሰ ጊዜ ደግሞ ፊርማውን ቈጠርን፤ 58 ሆነ። እንግዲህ 17 ፊርማ ባለቤት የለውም ማለት ነው። ከነዚሁ ከ17ቱ መካከል ሁለቱን የፈረምነው እኛው ራሳችን ነን፤ አንደኛውንም የእጅ ጽሕፈቱ እንዳይመሳሰል ብለን በግራ እጅ ነበር የጻፍነው።

ይህን የምናወጣው የጓደኞቻችንን ገመና ለመግለጥ አይደለም፤ ገመናው የኛው ነው። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ስለ ደረሰ ዝም ብለን ማለፍ አልሆነልንም።

አስቀድሞ ስለ ደንቡ ጥቂት እንበል። የኮሌጃችን ደንብ እንደሚለው፣ አንድ ተማሪ ለአንድ ትምህርት ከተመደበው ሰዓት ቢያንስ 85 ከመቶውን ካልተገኘ ለማጠቃለያው ፈተና መቀመጥ አይፈቀድለትም። ቍጥሩን ኮሌጃችን ብቻውን ያፈለቀው አይደለም፤ በሌሎችም የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የታወቀ ነው። በሳምንት 3 ሰዓት የሚሰጥ ትምህርት በ16 ሳምንት 48 ሰዓት ይሆናል፤ 15 ከመቶው 7 ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ነው። ስለዚህ ተማሪው ሁለት ሳምንት ሙሉ ቢቀር እንኳ ደንቡ ይታገሠዋል። ስናስበው ጨካኝ ደንብ አይደለም። የምንማረው በከፊል በሕዝብ ገንዘብ ነው፤ ከወጪው ድርሻችን የሆነውንም ሥራ ስንይዝ እንከፍላለን ብለን ውል ፈርመናል። ይህ ሁሉ ተወጥቶበት ወንበሩ ባዶ ቢውል የሚጠይቅ መኖሩ ተገቢ ነው።

ነገሩ የደረሰበትን ጓደኛችንን ስሙን አናነሣም፤ እርሱም እንዲነሣ አይወድም። ከሩቅ አገር የመጣ፣ ነገር የማያበዛ፣ ዘወትር በሁለተኛው ረድፍ የሚቀመጥ ልጅ ነው። ባለፈው ሴሚስተር አባቱ ታመው ወደ አገሩ ሄደ፤ አንድ ሳምንት ቆይቶ ተመለሰ። ወር ሳይሞላ አባቱ ዐረፉና እንደ ገና ሄደ። በአውቶቡስ መሄጃው ሁለት ቀን፣ መመለሻው ሁለት ቀን፣ ሠልስቱ፣ የቤቱ ጣጣ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት ሳምንት ሞላው። በድምሩ በአንዱ ትምህርት 9 ሰዓት ቀረ፤ ደንቡ ከሚታገሠው ያለፈው ሁለት ሰዓት በማይሞላ ብቻ ነው። ከቀበሌው የተጻፈ ወረቀት ይዞ ቢቀርብም ማስረጃ የሚቀርብበት ጊዜ አልፏል ተባለና ሳይፈተን ቀረ። ትምህርቱ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ነው፤ ለሌላ ትምህርትም መግቢያ ስለ ሆነ ምረቃው በአንድ ዓመት ይዘገይበታል። የቤቱ በኵር እርሱ ነው። እናቱ በየሳምንቱ እየደወሉ መቼ እንደሚጨርስ ይጠይቁታል፤ እስካሁን እውነቱን አልነገራቸውም።

በዚያው ክፍል 20 ሰዓት ያህል የቀሩ ተማሪዎች ግን ተፈትነዋል። እንዴት ብትሉ፣ እኛ ፈርመንላቸዋል። ለዚያ ልጅ ማንም አልፈረመለትም፤ ፈርሙልኝ ብሎ ስላልለመነ ነው።

ስንፈርም መልካም ነገር የምንሠራ ይመስለን ነበር። «ወንድምህ ነው፤ አንድ ጭረት ምን ይጎዳሃል?» ይባላል። እንቢ ያለውንም ለመምህሩ አደረ እያሉ ያሙታል። መቼም የአገራችን ሰው በችግር ጊዜ መረዳዳቱ የሚያስከብረው ነው፤ ዕድሩም የቆመው በዚሁ ነው። ነገር ግን ዕድርተኛ የሞተበትን ይረዳል እንጂ ያልሞተበትን እንደ ሞተበት አድርጎ በመዝገብ አይጽፍም። የኛ ማኅበር የረዳው እስከ 4 ሰዓት በአልጋው ላይ የተኛውን ነው፤ አባቱ የሞተበትን ረስቶታል።

ሌላም ጕዳት አለው፤ ይህን ያሰብነው ዘግይተን ነው። መምህሩ ወደ ቢሯቸው ሲመለሱ በእጃቸው የያዙት 58 ፊርማ ነው። ትምህርቱ ሰው ያጣ መሆኑን ማን ይነግራቸዋል? እውነተኛው ቍጥር በየሳምንቱ እየቀነሰ ሲሄድ ቢያዩ ኖሮ፣ «ምን ሆናችሁ?» ብለው ይጠይቁ ነበር፤ ወይም የትምህርት ክፍሉ ኀላፊ እርሳቸውን ይጠይቁ ነበር። የሐሰቱ ፊርማ ግን ለማይረባው አሰጣጥ ከወቀሳ የሚጋርድ መከለያ ሆኖለታል። በየማደሪያው ስለ አሰልቺ ትምህርት እስከ እኩለ ሌሊት እናማርራለን፤ በማግሥቱ ክፍሉ ሙሉ ነበር ብለን በገዛ እጃችን እንመሰክራለን።

አሰልቺ ስንል ምን ማለታችን እንደ ሆነ ክቡራን መምህራኖቻችን ሳያውቁት አይቀሩም። በዋዜማው በቴሌግራም የተላከልንን ስላይድ በማግሥቱ መብራት አጥፍቶ ቃል በቃል ማንበብ ነው። በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ብዙዎቻችን ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን፤ ትምህርት ማለት በስልክ የሚመጣ ፋይል ነው ማለትን የለመድነው ያን ጊዜ ይመስለናል። ፋይሉ በኪሴ ካለ ክፍል መግባት ለምን ያሻኛል ብሎ የሚጠይቅን ተማሪ ሰነፍ ነህ ብሎ ማሰናበት ቀላል ነው፤ ግን መልስ አይሆንም።

መልሱን በሥራ የሰጡን አንድ መምህር አሉ። ትምህርታቸው ዓርብ ከቀትር በኋላ ነው፤ ለመቅረት የተፈጠረ ሰዓት ማለት ነው። ወረቀት ሲያዞሩ አይተናቸው አናውቅም፤ ክፍሉ ግን ሙሉ ነው። (ደንቡ አቴንዳንስ ያዙ ይላቸዋል፤ እንዴት እንደሚያደርጉ አልጠየቅናቸውም፤ ይህንንም በመጻፋችን ይቅር ይበሉን።) የሚያደርጉት ነገር ምሥጢር የለውም። እንደ ገቡ ካለፈው ሳምንት ትምህርት አንድ ጥያቄ በሰሌዳው ላይ ይጽፋሉ፤ የአንዱን ስም ይጠራሉ። የተጠራው ቢሳሳት አያዋርዱትም፤ ስሕተቱን ራሱን ይዘው ግማሽ ሰዓት ያስተምሩበታል። በየሁለት ሳምንቱም ግማሽ ገጽ ያጽፉንና በቀይ ቀለም አርመው ይመልሱልናል። ዓርብ የቀረ ሰው ቅዳሜ ጠዋት በካፌው ሰልፍ ላይ ጓደኞቹ ስለምን እንደሚከራከሩ አይገባውም።

በቅኔ ቤትም ፊርማ የሚባል ነገር የለም። ተማሪው ለብቻው ወደ ዱር ወይም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ወጥቶ ቅኔውን ሲቆጥር ይውላል፤ ከዚያም ከአስነጋሪው ወይም ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ ይታረማል። ያልቆጠረ ሰው የሚነግረው የለውም፤ መምጣቱም መቅረቱም በዚያ ይታወቃል። ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ መወድስ እስኪደርስ ድረስ መንገዱ ይኸው ነው። የጥንቱን ኑሮ ለማሞገስ ብለን አይደለም፤ ለምኖ ማደሩን፣ የመንደሩን ውሻ፣ በንባብ ቤትም አለንጋውን አባቶቻችን ሲያወሩ ሰምተናል፤ ይመለስ የሚል ከመካከላችን የለም። ከዚያ የምንፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተማሪው በመምህሩ ፊት የሚናገረው የራሱ ነገር ነበረው።

እርግጥ ነው፤ የሰው ብዛት ነገሩን ይለውጠዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. በካናዳዊው በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት ሲከፈት ተማሪዎቹ መቶ አይሞሉም ነበር። በዚያ ቍጥር መምህር የተማሪውን ፊት ለይቶ ለማወቅ ወረቀት አያሻውም። ዛሬ መምህራኖቻችን እንደኛ ያለውን ክፍል ሁለትም ሦስትም ይዘው፣ ደመወዛቸው ከገበያው ጋር ሳይመጣጠን የሚያስተምሩ መሆናቸውን አንዘነጋም። ስልሳ ወረቀት በቀይ ቀለም ማረም የዋዛ ሥራ አይደለም። ሆኖም የዓርቡ መምህርም ደመወዛቸው ያው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሳንጠቅሰው አናልፍም። መምህር የቀሩበት ሰዓት እኛ በምናየው ወረቀት ላይ አይጻፍም። ማካካሻው ግን እሑድ ጠዋት ይደረግና በዚያ ያልተገኘው ተማሪ ቀሪ ይባላል። ይህ ቢታረም ደስ ይለናል።

ተማሪዎች ሆይ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ የመውጫ ፈተና ተቀምጦ ከመቶ 50 ካላገኘ ዲግሪውን እንደማያገኝ ታውቃላችሁ። በዚያ አዳራሽ በግራ እጁ የሚጽፍልን ጓደኛ የለም። በየዓመቱ የተፈራረምንላቸው 20 እና 30 ሰዓቶች እዚያ ሲደርሱ ምን እንደሚሆኑ የማደሪያው ጨዋታ ሞቅ ባለበት ሰዓት ሳይሆን ረጋ ብላችሁ አስቡት።

እኛ ይህን ጽሑፍ ያወጣን 11 ተማሪዎች ከእንግዲህ ለሌላ ሰው ላንፈርም ተስማምተናል። ሁለት ጓደኞቻችን ተቀይመውናል፤ አንደኛው ከሰኞ ወዲህ ሰላምታ ነሥቶናል። ባለፈው ሳምንትም ከመካከላችን ሦስታችን ወደ መምህሩ ቢሮ ሄደን ስለ ሁለቱ ፊርማ ተናዘዝን። ይቀጡናል ብለን ፈርተን ነበር። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «በእውነት ስንት ሰው ነበር?» ብለው ጠየቁን። 41 አልናቸው። ቍጥሩን በማስታወሻቸው ጥግ ላይ ጻፉት፤ ሌላ ነገር አልተናገሩም።

እንግዲህ የራሳችንን ጥፋት ካመንን በኋላ የምንለምነው አለ። ተማሪ ከፈተና ከመከልከሉ በፊት የትምህርት ክፍሉ ጠርቶ ለምን እንደ ቀረ ይጠይቀው፤ ለሐዘንና ለሕመም ማስረጃ የሚቀርብበትም ጊዜ ከገጠር ለሚመጣ ሰው እንዲበቃ ሆኖ ይራዘም። መምህራንም ወረቀቱን ከማዞር ይልቅ በሴሚስተሩ ውስጥ ሦስት ወይም አራት ቀን እንኳ ሳያስታውቁ ስም ቢጠሩ ሐሰቱ በራሱ ይከስማል፤ ከማርኩም ጥቂቱን በክፍል ውስጥ ለሚደረገው ጥያቄና መልስ ቢመድቡልን ለመምጣት ምክንያት እናገኛለን።

ከሁሉ በፊት ግን የጓደኛችን ጉዳይ እንደ ገና ታይቶ የማካካሻ ፈተና እንዲሰጠው ለዲኑ ማመልከቻ ጽፈናል። ማመልከቻው እስከ ኀሙስ ድረስ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ይቆያል። መፈረም የሚፈልግ ተማሪ ራሱ ይምጣ።