ያልተቆጠረ ገበሬ ለልማት አይታሰብም

ስለ ገጠር ልማት በተወሳ ቁጥር በቅድሚያ የሚነሡት መንገድ፣ ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘር፣ ብድርና የእርሻ ባለሙያ ናቸው። የስታቲስቲክስ ሥራ ግን በከተማ ቢሮ ተቀምጦ ቁጥር መደመርና መቀነስ ብቻ ተደርጎ ስለሚገመት፣ ከልማት ሥራዎች ተርታ የሚያሰልፈው ሰው እጅግ ጥቂት ነው። ይህ አመለካከት የተሳሳተ መሆኑን በግልጽ ከሚያስረዱት አገሮች አንዷ በምሥራቃዊው የካሪቢያን ባሕር ላይ የምትገኘው ትንሿ ደሴት ሴንት ሉሲያ ናት።

ሴንት ሉሲያ እ.ኤ.አ. በየካቲት ወር 1979 ከእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ነጻ የወጣች አገር ስትሆን፣ የቆዳ ስፋቷ 616 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ይህም ከአዲስ አበባ ከተማ ስፋት ብዙም አይበልጥም። እ.ኤ.አ. በ2010 በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ የነዋሪዎቿ ቁጥር ወደ 166 ሺ ይጠጋ ነበር። በዋና ከተማዋ በካስትሪስ የሚገኘው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ጽሕፈት ቤት የሕዝብና የቤት ቆጠራ ያካሂዳል፣ የገበያ ዋጋን ይከታተላል፣ ሥራ ያለውንና ሥራ የሌለውን ያጠናል፣ የገቢና የወጪ ንግድን ይመዘግባል፣ የአገሪቱንም ጠቅላላ ምርት ያሰላል። ታላላቅ አገሮች በብዙ ሺ ሠራተኞች የሚያከናውኑትን ይህን ሁሉ ተግባር በትንሿ ደሴት የሚሸከሙት ጥቂት ሰዎች ናቸው።

የሙዝ ዘመንና ያለፈው ጊዜ

የሥራው ጥቅም ምን እንደሆነ ለመረዳት የደሴቲቱን ገበሬ ታሪክ በአጭሩ መመልከት ይጠቅማል። እንደ ኩል ደ ሳክና ሮዞ ያሉት ሸለቆዎች ቀድሞ በሸንኮራ አገዳ የተሸፈኑ ነበሩ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የስኳር ምርት ሲቆም ቦታውን የያዘው ሙዝ ነው። ሙዝ የትልቅ እርሻ ባለቤት ብቻ ሳይሆን፣ በተራራ ጥግ ሁለትና ሦስት ኤከር መሬት ያለው ገበሬም ሊያለማው የሚችል ተክል ነው። ዓመቱን ሙሉ ስለሚቆረጥ ገንዘቡም የሚገኘው በዓመት አንድ ጊዜ በሚሰበሰብ አዝመራ ሳይሆን በየጊዜው ነው። ልጅ ያስተማረው፣ ቤት የሠራው፣ ብድር የከፈለው ገበሬ በሙዝ ነው። ከዚህም የተነሣ የአካባቢው ሰዎች ሙዝን አረንጓዴ ወርቅ እያሉ ይጠሩት ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደሴቲቱ በዓመት ከ100 ሺ ቶን በላይ ሙዝ ወደ ውጭ ትልክ ነበር፤ ገበያውም በተለይ እንግሊዝ አገር ነበር።

ይህ ገበያ የቆመው በልዩ አስተያየት ነበር። የአውሮፓ አገሮች ከቀድሞ ቅኝ ግዛቶቻቸው የሚመጣውን ሙዝ ከሌላው አስቀድመው ይቀበሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 የአውሮፓ ገበያ አንድ ሲሆን የሙዙም ደንብ ለሁሉም አባል አገሮች አንድ ሆነ። ዩናይትድ ስቴትስና አንዳንድ የላቲን አሜሪካ አገሮች ደንቡን በመቃወም አቤቱታቸውን ለዓለም የንግድ ድርጅት አቀረቡ፤ በ1997ም ተፈረደላቸው። በሰፊ ሜዳ ላይ በትላልቅ ኩባንያዎች ከሚለማው የላቲን አሜሪካ ሙዝ ጋር በተራራ ጥግ የሚለማው የሴንት ሉሲያ ሙዝ በዋጋ ሊወዳደር አልቻለም። ገበሬው አንድ በአንድ ሙዙን እየተወ ሄደ።

ስንቱ ተወ? ከየትኛው መንደር? ማሳውስ ምን ሆነ? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሰጠው የእርሻ ቆጠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በተደረገው ቆጠራ የእርሻ ባለይዞታዎቹ ቁጥር ከ13 ሺ በላይ ነበር። በ2007 በተደረገው ቆጠራ ግን ከ10 ሺ በጥቂቱ አንሶ ተገኘ። በእርሻ ይዞታነት የተመዘገበውም መሬት ከ51 ሺ ኤከር ገደማ ወደ 30 ሺ ኤከር ገደማ ወረደ። ይህም ማለት ከአራት ገበሬ አንዱ ሲቀር፣ ከአምስት ኤከር መሬት ሁለቱ ከይዞታ መዝገብ ወጥተዋል ማለት ነው።

አንባቢ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አድርጎ ቢመለከታቸው አንድ ትልቅ ነገር ይገለጥለታል። አንዱ ገበሬ እርሻውን ሲተው ጎረቤቱ መሬቱን ተረክቦ ይዞታውን ቢያሰፋ ኖሮ፣ የገበሬው ቁጥር ሲቀንስ የእያንዳንዱ ይዞታ በአማካይ ይጨምር ነበር። የሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። በ1996 ለአንድ ባለይዞታ በአማካይ ወደ 4 ኤከር የሚጠጋ ይደርስ የነበረው፣ በ2007 ወደ 3 ኤከር ዝቅ ብሏል። መሬቱ ከአንዱ ገበሬ ወደ ሌላው አልተላለፈም፤ ከእርሻ ወጣ እንጂ። የቀረውም ገበሬ በቀድሞው ይዞታ ላይ እንኳን አልቆመም። ይህን ነገር በካስትሪስ ወደብ የተጫነውን የሙዝ ካርቶን ብቻ በመቁጠር ማወቅ ከቶ አይቻልም ነበር።

የዘገየ ቁጥር የሚያስከትለው ጉዳት

ይሁን እንጂ ሊታለፍ የማይገባው ቁም ነገር በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል 11 ዓመት ማለፉ ነው። የሙዙ ገበያ የተናወጠው፣ ፍርዱም የተሰጠው በእነዚሁ ዓመታት ውስጥ ነው። ገበሬው እርሻውን ሲተው፣ ወጣቱ ወደ ከተማና ወደ ሆቴል ሥራ ሲፈልስ፣ ተራራው ጢሻ ሲለብስ፣ በመላው አገር ይህን በሙሉ የሚያሳይ የማሳ ቆጠራ አልነበረም። በ2007 የተገኘው ቁጥር እውነተኛ ቢሆንም፣ መሬቱን ከለቀቀ ብዙ ዓመት ለሆነው ገበሬ የሚጠቅመው ነገር ጥቂት ነበር። ሐኪም የበሽታውን ዓይነት በትክክል የሚናገረው በሽተኛው ከተቀበረ በኋላ ከሆነ እውቀቱ ለማን ይበጃል?

በእርግጥ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት አገሮች በ10 ዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ የእርሻ ቆጠራ እንዲያደርጉ ይመክራል፤ ሴንት ሉሲያም ከዚህ ብዙ አልራቀችም። ነገር ግን ኑሮው በአንድ ተክልና በአንድ ገበያ ላይ ለተመሠረተ ገበሬ 10 ዓመት እጅግ ረጅም ጊዜ ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላም ጉዳይ አለ። በሙዝ ዘመን ገበሬው ምርቱን የሚያስረክብበት ቦታ የታወቀ ነበር። ምርቱ ይመዘናል፣ ይመዘገባል፣ ሒሳቡ ይከፈላል። መዝገቡ በራሱ ስታቲስቲክስ ነበር ለማለት ይቻላል። ሙዙን የተወው ገበሬ ግን ወደ ጎደሬ፣ ወደ ቦዬ፣ ወደ አትክልት ዞሯል። አንዱ በመንገድ ዳር፣ ሌላው በካስትሪስ ገበያ፣ ሦስተኛው ለሆቴል ወጥ ቤት ይሸጣል፤ የተረፈው በቤት ይበላል። ይህን ሁሉ የሚመዝን አንድ ሚዛን፣ የሚመዘግብም አንድ መዝገብ የለም። ስለዚህ የወጪ ንግዱ መዝገብ እየሳሳ በሄደ መጠን ወደ ማሳው ሄዶ የሚጠይቅ ሰው አስፈላጊነቱ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ሙዙ ካነሰ ቆጠራውም ይነስ የሚል ሐሳብ ነገሩን ገልብጦ ማየት ነው።

የትንሽ ድስት ጨው

አንዳንዶች አገሪቱ ትንሽ ስለሆነች ሥራው ቀላል፣ ወጪውም አነስተኛ መሆን አለበት ብለው ያስባሉ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የወጥ ጨው ልኩን ለማወቅ የትልቅ ድስት ወጥም ቢሆን፣ የትንሽ ድስት ወጥም ቢሆን በደንብ ከተማሰለ አንድ ጭልፋ ቀምሶ መፍረድ ይቻላል። ድስቱ አነሰ ተብሎ ግን ጭልፋው ባዶ ሊሆን አይችልም። የናሙና ጥናትም እንደዚሁ ነው። በዕጣ የተመረጡ 1 ሺ ቤተሰቦችን በመጠየቅ የሚገኘው ውጤት በብዙ ሚሊዮን ሕዝብ አገርም ሆነ በትንሽ ደሴት የስሕተቱ ወሰን ተቀራራቢ ነው፤ ይኸውም ከመቶ 3 ያህል ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ነው። ስለሆነም ትንሿ አገር ከትልቋ ጋር የሚቀራረብ ናሙና ያስፈልጋታል። የሚከፍለው ግብር ከፋይ ግን ጥቂት ነው። ለትንሽ አገር አስተማማኝ ቁጥር በነፍስ ወከፍ ሲታሰብ ውድ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በመስክ ላይ ያለውም ችግር ቀላል አይደለም። አንደኛው የመሬት ጉዳይ ነው። በሴንት ሉሲያ ከፈረንሳይ ዘመን በተወረሰው ልማድና ሕግ መሠረት ብዙ መሬት ለልጆች ሁሉ ሳይከፋፈል በጋራ ይተላለፋል፤ የቤተሰብ መሬት ይባላል። ከወራሾቹ አንዱ ሲያርስ፣ ሌላው በካስትሪስ ተቀጥሮ፣ ሦስተኛው በውጭ አገር ይኖራል። ቆጣሪው «መሬቱ የማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ሙግት ይቀሰቅሳል፤ መልስም አያገኝም። ስለዚህ ጥያቄው «የማን ነው?» ሳይሆን «ሥራውን የሚመራው ማን ነው?» መሆን አለበት። የእርሻ ቆጠራ ባለይዞታ የሚለውም ባለቤቱን ሳይሆን እርሻውን የሚያስተዳድረውን ሰው ነው።

ሁለተኛው የቋንቋ ጉዳይ ነው። የመንግሥት ሥራ የሚሠራው በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ በገጠር ያለው ሽማግሌ የሚቀናው ግን ክዌዮል የሚባለው የደሴቲቱ የፈረንሳይ ክሪዮል ነው። ቅጹን በእንግሊዝኛ ይዞ በክዌዮል በትክክል የማይጠይቅ ቆጣሪ የሚያመጣው ቁጥር የገበሬውን ሳይሆን የራሱን ግምት ነው።

ሦስተኛው ፍርሃት ነው። ገበሬ በየትም አገር ብዕርና ወረቀት ይዞ የሚመጣን እንግዳ ከግብር ሰብሳቢ ለይቶ ለማየት ይቸገራል። በካሪቢያን ደሴቶች ደግሞ ከማሳ ላይ ሰብል የሚሰርቁ ሌቦች ስላሉ፣ ምን ያህል እንደተከለና መቼ እንደሚደርስ ለማያውቀው ሰው መንገር ያስፈራዋል። በትንሽ አገር ደግሞ ሁሉም ይተዋወቃል። በአንድ ሸለቆ አንድ ትልቅ እርሻ ብቻ ካለ፣ የሸለቆውን ምርት በጋዜጣ ማውጣት የሰውየውን ገቢ በአደባባይ እንደ መንገር ይቆጠራል። ስለዚህ ጽሕፈት ቤቱ ሚስጥር የመጠበቅ ግዴታውን የሚያሟላው ስም በመደበቅ ብቻ ሳይሆን፣ ባለቤቱን የሚያጋልጠውን ቁጥር ከሌላ ጋር ደምሮ በማቅረብም ነው።

አውሎ ነፋስ ሲመጣ

የቁጥር ዋጋ በግልጽ የሚታየው በመከራ ቀን ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 2010 መጨረሻ ቶማስ የተባለው አውሎ ነፋስ ሴንት ሉሲያን መታ። ተራራው ተንዶ መንገድ ዘጋ፣ ድልድይ ፈረሰ፣ ሙዝም እንዳልነበር ሆነ። በተባበሩት መንግሥታት የላቲን አሜሪካና የካሪቢያን የኢኮኖሚ ኮሚሽን የተደረገው ግምት፣ ጉዳቱ ከአገሪቱ ዓመታዊ ጠቅላላ ምርት ከመቶ 43 ያህል እንደሚደርስ አመለከተ። ለጋሾችንና አበዳሪዎችን ያስደነገጠው ይህ ከመቶ የተሰላ ቁጥር የተገኘው ጠቅላላው ምርት ቀደም ብሎ በጽሕፈት ቤቱ የተሰላ በመሆኑ ነው። የነበረውን የማያውቅ የጠፋውን ሊናገር አይችልም።

ለገበሬውም ነገሩ እንደዚሁ ነው። ማዕበሉ ካለፈ በኋላ ለተጎዳው ችግኝና ማዳበሪያ ይታደል ሲባል፣ ከማዕበሉ በፊት ማን ምን እንደነበረው የሚያሳይ የቅርብ መረጃ ከሌለ፣ ጮክ ብሎ የተናገረው ብዙ ሲያገኝ ድምፁን ያላሰማው ባዶ እጁን ይቀራል። በርቀት ተራራ ላይ ብቻዋን የምታርስ አሮጊት የሚቆምላት ሰው ባይኖር እንኳ የናሙናው ውጤት ለአካባቢዋ ይመሰክራል።

ገንዘቡ ለመንገድ ይዋል የሚሉ

በዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ የታወቀ ነው። «ገንዘቡ ጥቂት ነው፤ ለቅጽና ለቆጣሪ ከሚወጣ ለእርሻ መንገድ ቢውል ይሻላል» የሚሉ አሉ። አባባሉ የሚናቅ አይደለም። ጭቃ ውስጥ ለተያዘ የገበሬ መኪና የስታቲስቲክስ መጽሐፍ መንገድ አይሆነውም። ደግሞም በየጊዜው መጥቶ የሚጠይቅ፣ መልሱን ግን ይዞ የማይመለስ መሥሪያ ቤት ገበሬውን ቢያሰለች ጥፋቱ የገበሬው አይደለም።

ሆኖም መንገዱ በየትኛው ሸለቆ ይሠራ? ለሚለው ጥያቄ ሁለት ዓይነት መልስ ብቻ ነው ያለው። አንዱ በዚያ ስንት ገበሬ እንዳለና ምን እንደሚያመርት አውቆ መወሰን፣ ሁለተኛው ደግሞ ለባለ ሥልጣን ቅርብ የሆነውን ማስቀደም ነው። ቁጥር በሌለበት ሁለተኛው ማሸነፉ አይቀርም። ስለዚህ ለቆጠራ የሚወጣው ገንዘብ ከመንገዱ የሚቀነስ ሳይሆን መንገዱ በትክክለኛው ቦታ እንዲሠራ የሚያደርግ ነው።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ነገሮች ቢፈጸሙ ለትንንሽ አገሮች እንደሚበጅ ይታመናል። አንደኛ፣ ትልቁን የእርሻ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ እያደረጉ፣ በመካከሉ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ አነስተኛ የናሙና ጥናት ማካሄድ ነው። ሁለተኛ፣ ጎረቤት ደሴቶች ባለሙያና የቅጽ ዝግጅት ቢጋሩ ወጪው ይቃለላል። በእንግሊዝ ሥር የነበሩት የካሪቢያን አገሮች በ1960 እና በ1970 የሕዝብ ቆጠራን በጋራ ዝግጅት ያካሄዱ በመሆናቸው ነገሩ እንግዳ አይሆንባቸውም። ሦስተኛና ከሁሉም የሚበልጠው፣ ውጤቱ በገበሬው ቋንቋ ወደ ገበሬው እንዲመለስ ማድረግ ነው። ጎደሬ በዝቶ ዋጋው ሊወርድ መሆኑን ከተከላው በፊት የሰማ ገበሬ፣ በሚቀጥለው ዓመት ቆጣሪው ሲመጣ በሩን አይዘጋም።

እ.ኤ.አ. በ1979 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ከተቀበሉት ሁለት ሊቃውንት አንዱ ሰር አርተር ሉዊስ የካስትሪስ ተወላጅ ናቸው። ሉዊስ በ1954 ባወጡት ጽሑፍ፣ በእርሻ ላይ ያለው ትርፍ ጉልበት ወደ ሌላ የሥራ መስክ ሲሸጋገር አገር እንዴት እንደሚያድግ አስረድተዋል። በተወላጁ አገር ከሙዝ ማሳ የወጣው ሰው በእርግጥ ወደ ተሻለ ሥራ ተሸጋገረ ወይስ በመንገድ ላይ ቀረ? ይህ ጥያቄ በንድፈ ሐሳብ ብቻ የሚመለስ አይደለም። ጭቃ ረግጦ፣ ተራራ ወጥቶ፣ በር አንኳኩቶ የሚጠይቅ ቆጣሪ ይፈልጋል። መንግሥት ለልማት ሲያስብ ይህን ቆጣሪ ካልላከ፣ የሚያስበው ስለ ገበሬው ሳይሆን ስለ ገበሬው ባለው ግምት ብቻ ይሆናል።