ጠንቃቃው ነጋዴ የሰለቸው እንዳይመስል

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ በደብዳቤ የወጣ ቃል ግን ከአፋፉም አልፎ በባዕድ አገር መዝገብ ውስጥ ይቀመጣል። ንግድ በሰነድ የሚካሄድ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በሚሠራበት በዩ.ሲ.ፒ. 600 አምስተኛ አንቀጽ፥ ባንኮች የሚመለከቱት ሰነዱን እንጂ ዕቃውን እንዳልሆነ ተደንግጓል። በሩቅ ያለ ደንበኛም እንደዚሁ የላኪውን ፊት አያይም፤ የሚያየው የጻፈውን ነው።

በእንግሊዝኛ «ዌሪ» ማለት ጠንቃቃ፥ የሚጠራጠር ማለት ሲሆን፥ «ዊሪ» ግን የደከመው፥ የሰለቸው ማለት ነው። በጽሕፈት የሚለዩት «ኢ» በምትባል በአንዲት ፊደል ብቻ ነው። አንድ የቡና ላኪ ክፍያው በባንክ ሳይረጋገጥ ዕቃ መላክ እንደሚያሠጋው ሊገልጽ አስቦ ያችን ፊደል ቢጨምር፥ ገዢው የሚያነበው «ዕቃ መላክ ሰልችቶናል» የሚል ይሆናል። ትሑቱ ሰው ትዕቢተኛ መስሎ ይታያል፤ ገዢውም ያልሰለቸው ሌላ ሻጭ ይፈልጋል።

«አንባቢው ከዐረፍተ ነገሩ አካሄድ ይረዳዋል» የሚሉ አሉ። በእርግጥ በአማርኛ «አለ» የሚለው ቃል ጠብቆና ላልቶ ሲነበብ ትርጕሙ ቢለያይም፥ አካሄዱ ስለሚመራ አንባቢ አይሳሳትም። እነዚህ ሁለቱ ግን «ኦቭ» የሚለውን አንድ ቃል ስለሚያስከትሉ፥ ዐረፍተ ነገሩ በሁለቱም መንገድ የተሟላ ሆኖ ይነበባል። ፊደል የሚያርመው ኮምፒዩተርም ሁለቱንም ትክክለኛ ቃላት አድርጎ ስለሚያውቃቸው፥ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ያልፋቸዋል።

ለማስታወስ የሚረዳ ዘዴ አለ። ክፉ ውሻ ባለበት በር ላይ «ተጠንቀቅ» ለማለት የሚጻፈው «ቢዌር» የ«ዌሪ» ዘመድ ነው፤ በሁለቱም ከ«ደብልዩ» ቀጥሎ የሚመጣው «ኤ» ነው።

ቃሉ በትክክል ቢጻፍ እንኳ ቦታውን ይፈልጋል። «ዌሪ» የጥርጣሬ ሽታ አለበት። ስለ ሐሰተኛ ሰነድ ወይም ስለ ዋጋ መዋዠቅ ሲነገር ይስማማል፤ በደንበኛ ስም ላይ ሲነገር ግን ወቀሳ ይሆናል። ነጋዴው ስለ ገዛ ራሱ አሠራር ሲገልጽ «ኮሸስ» የሚለውን ቃል ቢመርጥ ይሻላል፤ ይህ ጥንቃቄውን ይናገራል እንጂ ሌላውን አይከስም።

ስለዚህ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ደብዳቤ ሁሉ ከመፈረሙ በፊት በሁለተኛ ሰው ዓይን ሊታይ ይገባዋል። ዕቃ ሳይመዘን አይጫንም፤ ቃልም ሳይመዘን ሊላክ አይገባም።