ገበታና ገበጣ

የቤት ሥራ ማለቂያ የለውም። እርሻ ከመኸር በኋላ ጥቂት ያርፋል፤ በሬውም ከቀንበሩ ይፈታል፤ የጓዳ ሥራ ግን የዛሬው ሳያልቅ የነገው ይደርሳል። ይህን ለእናቶቻችን መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ይሁን እንጂ የቤት ሥራ ማለቂያ ባይኖረውም ክፍተት አለው። በዚህ ወር ከአንባቢዎቻችን ጋር ልንነጋገርበት የፈለግነው ስለዚያ ክፍተት፥ በዚያም ክፍተት ስለሚጫወቱት የቤት ጨዋታ ነው።

ነገሩን ከምሥራቅ ጎጃም እንጀምር። ቢቸናና ሞጣ የጤፍ አገር ናቸው። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና በኩል ወደ ሞጣ፥ ከሞጣም ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው ክረምቱ ሲወጣ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የጤፍ ማሳ ያያል። ጤፍ ባለበት ሊጥ አለ፤ ሊጥ ባለበትም መጠበቅ አለ። ሊጡ ከተቦካ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል፤ ከዚያም አብሲት ይጣልበታል፤ አብሲቱም ከተመለሰ በኋላ ሊጡ ኩፍ እስኪል ድረስ ባለቤቷ ምጣዷን አታሰማም። ንፍሮው እስኪበስል፥ ጀበናው እስኪፈላ፥ ከአቦል እስከ ቶና፥ ከቶናም እስከ በረካ ያለው ጊዜ ሁሉ እጅ አርፎ ዐይን ብቻ የሚጠብቅበት ጊዜ ነው። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ቢደመር ግን ቀላል አይሆንም።

በዚህ ክፍተት የአገራችን ልጅ ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀው ጨዋታ ገበጣ ነው። ገበጣ ገንዘብ አይጠይቅም። እረኛው በመስክ ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ጠጠር ወይም የፍየል በጠጥ ለቅሞ ይጫወታል። በቤት ውስጥም ከእንጨት የተጠረበ ሰሌዳ ያለው በሰሌዳው ይጫወታል። ሰሌዳ የሌለው ሰው እንቁላል የሚመጣበትን ካርቶን አይጣለው። ባለ 30 የእንቁላል ካርቶን 6 6 ጉድጓድ ያለው 5 ረድፍ አለው። ከዚህ ውስጥ 2ቱን ረድፍ በመቀስ ቆርጦ ቢያወጣ ባለ 12 ጉድጓድ ገበጣ ያገኛል፤ የቀረው ባለ 3 ረድፍም ለሌላው ዐይነት ገበጣ ይሆናል። ለመጫወቻው ደግሞ ሽንብራ ይበቃል። ጨዋታው ሲያበቃ ሽንብራው ታጥቦ ወደ ድስት ይገባልና ምንም የሚባክን ነገር የለም።

አጫዋወቱም እንዲህ ነው። በ12ቱ ጉድጓድ ውስጥ 4 4 ፍሬ ይቀመጣል፤ ይኸውም በጠቅላላው 48 ፍሬ ይሆናል። ሁለቱ ተጫዋቾች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱም በፊቱ ያለውን የ6 ጉድጓድ ረድፍ ይይዛል። ተራው የደረሰው ከራሱ ጉድጓዶች አንዱን መርጦ ፍሬውን ሁሉ ያነሣና በሚቀጥሉት ጉድጓዶች አንድ አንድ እያደረገ ይዘራል። የመጨረሻዋ ፍሬ ፍሬ ካለበት ጉድጓድ ብትወድቅ ያንን ደግሞ አንሥቶ ይቀጥላል፤ ባዶ ጉድጓድ ብትገባ ተራው ለባላጋራው ያልፋል። ፍሬ የሚበላበት ደንብ አገር ከአገር፥ አንዳንድ ጊዜም ቤት ከቤት ይለያያል። ስለዚህ ከሌላ መንደር ከመጣ እንግዳ ጋር የሚጫወት ሰው ደንቡን አስቀድሞ መነጋገር አለበት። አስቀድሞ መነጋገር ለጨዋታ ብቻ ሳይሆን ለኑሮም የሚጠቅም ልማድ ነው።

አንዳንድ አባቶች «ጨዋታ የሥራ ፈት ነው» ሲሉ እንሰማለን። አነጋገራቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ለጨዋታ ብሎ ከብቱን እህል ውስጥ የለቀቀ እረኛ በየአገሩ አለና። ነገር ግን ሥራ ፈት ማለት ሥራው እየጠራው የሚጫወት ሰው ነው፤ ሥራውን ሠርቶ ሊጡ ኩፍ እስኪል ድረስ የሚጫወት ሰው ሥራ ፈት አይባልም። ማሰሮው ከገነፈለ ጨዋታው ይቆማል፤ ፍሬውም በጉድጓዱ እንዳለ ይጠብቃል። ገበጣ ከሌላው ጨዋታ የሚሻልበት አንዱ ነገር ይህ ነው፤ ቢያቋርጡት አይበላሽም።

ደግሞም ገበጣ የሚናቅ ጨዋታ አይደለም። የጥንት ታሪክ ተመራማሪዎች በየሐና በኤርትራ ባለችው በመጠራ በድንጋይ ላይ የተቦረቦሩ የገበጣ ጉድጓዶችና የሸክላ ገበጣ ስባሪ አግኝተዋል፤ ዘመኑንም ወደ 6ኛውና ወደ 7ኛው መቶ ዓመት ያደርሱታል። የኢትዮጵያን ታሪክ በመጻፍ የታወቁት ሪቻርድ ፓንክረስት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1971 ባወጡት ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ከ100 የሚበልጡ የገበጣ ዐይነቶችን አጫዋወት ዘርዝረዋል። በጋና ኦዋሬ፥ በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ባኦ የሚባሉት ጨዋታዎች የዚሁ ቤተ ዘመዶች ናቸው። በባርነት ተግዘው ወደ ካሪብያን ደሴቶች የተወሰዱት አፍሪካውያን እንኳ ይህን ጨዋታ በልባቸው ይዘው ሄደዋል፤ ዛሬም በአንቲጓና በባርቤዶስ ዋሪ እየተባለ ይጫወቱታል። ሁሉ ነገር የተወሰደበት ሰው ጨዋታውን ሊወስዱበት አልቻሉም።

ከገበጣ ሌላ አገራችን ሰንጠረዥ ነበራት። ሰንጠረዥ የመኳንንት ጨዋታ ነበረ። እንግሊዛዊው መንገደኛ ሄንሪ ሶልት በ1814 ባሳተመው መጽሐፍ የትግሬው ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ ይህን ጨዋታ አዘውትረው ይጫወቱ እንደ ነበር ጽፏል። ሰሌዳው ብዙውን ጊዜ ቀይ ጨርቅ ሆኖ በጥቁር ወይም በሰማያዊ መስመር በ64 ቤት የተከፈለ ነበረ። አጀማመሩም ከሌላው ዓለም ቼዝ ይለያል፤ ወረራ በሚባለው በመጀመሪያው ክፍል ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፥ እንደ እጃቸው ፍጥነት ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ። አንዱ የሌላውን መደቅ ወይም ፈረስ የበላ ጊዜ ወረራው ያበቃና ከዚያ ወዲያ ጨዋታው በየተራ ይሆናል።

እንግዲህ እነዚህን ሁለት ጨዋታዎች እናነጻጽር። ሰንጠረዥ በጌቶች አዳራሽ የተከበረ ነበረ፤ አዳራሹ ሲዘጋ አብሮ ተዘጋ፤ ዛሬ በጥንቱ ደንብ የሚጫወተው ሰው እጅግ ጥቂት ነው። ገበጣ ግን በእረኛው መስክና በቤት ደጃፍ ስለ ነበረ እስከ ዛሬ ኖረ። ጥቂቶች ብቻ የሚቀመጡበት ጨዋታ ከጥቂቶቹ ጋር ያልፋል፤ ሁሉ የሚቀመጥበት ግን ይኖራል። በዚህ ጽሑፍ ልናሳስበው የምንፈልገውም ይህንኑ ነው።

በከተሞቻችን ገበጣን ዳማና ካርታ ተክተውታል። ዳማ በካርቶን ላይ ቤት ተሰምሮ፥ የለስላሳና የቢራ ቆርኪ ለአንዱ በፊቱ ለሌላው በጀርባው ተደርድሮ የሚጫወቱት ነው። ካርታውም 13 13 ቅጠል ያላቸው 4 ዐይነቶች ሆኖ በጠቅላላው 52 ቅጠል ነው። በቢቸናም ሆነ በሞጣ፥ እንደ ሌሎቹ ከተሞች ሁሉ፥ ከሰዓት በኋላ በየጥላው ሥር ዳማ ከበው የተቀመጡ ሰዎች አይጠፉም። ነገር ግን ከእነዚህ መካከል ሴት ማየት ብርቅ ነው። ወንዱ በደጅ ሲጫወት እናት፥ እኅትና ሚስት በጓዳ ናቸው።

በቤት ውስጥስ እንዴት ነው? ማታ እራት ተበልቶ ገበታው ሲነሣ አባትና ወንዶች ልጆች ካርታ ያወጣሉ። እናት ቡና ታፈላለች፤ የ12 ዓመቷ ልጅ ሰሐን ታጥባለች። ወንድሟ ሦስት ጊዜ አሸንፎ ሦስት ጊዜ ሲስቅ እርሷ ሳቁን ከጓዳ ትሰማለች። እጇን አድርቃ ስትመጣ «በይ እንግዲህ ነገ ትምህርት አለ፤ ተኚ» ይሏታል። ይህች ልጅ ከምግብ ገበታ አልተከለከለችም፤ ከጨዋታው ገበጣ ግን ቀርታለች። ማንም ክፉ አላደረገባትም፤ ማንም አላሰባትም እንጂ። እንዲህ ያለው ነገር በአንድ ማታ ቀላል ነው፤ በ10 ዓመት ግን ልጅቱ ሳቅ የሌሎች፥ ሥራ የእርሷ እንደ ሆነ አምና ታድጋለች። ወንድሙም ያንኑ አምኖ ያድጋል፤ በኋላም በገዛ ጎጆው ይደግመዋል።

መድኀኒቱ ጨዋታውን መከልከል አይደለም፤ ሥራውን መካፈል ነው። አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ይላሉ። አምስት ሰው የበላበትን ሰሐን አንዲት ልጅ ብቻዋን ስታጥበው ሸክም ነው፤ አምስቱ ሲያነሡት ግን ካርታው ተበውዞ ሳይታደል ያልቃል። ስለዚህ በቤታችን አንድ ደንብ ቢቆም መልካም ነው፤ ይኸውም ሁሉ እጁን ሳያደርቅ ጨዋታ አይጀመር የሚል ነው። እናትም ከሥራዋ ተነሥታ በገበጣው ፊት ስትቀመጥ ልጆቹ ያላሰቡትን ያያሉ። ሊጥ በዐይኗ ለክታ የምታቦካ ሴት ፍሬ ለመቁጠር የምትቸገር አይምሰላቸው።

ሌላም ደንብ እንጨምር። ተሸናፊ ገንዘብ አይክፈል፤ ሥራ ይክፈል። የተሸነፈው ጀበናውን ይጠብ፥ ምስሩን ይልቀም፥ ነገም ውኃ ይቅዳ። ነገር ግን ይህ ደንብ ለሁሉም እኩል ካልሆነ ጨዋታ መሆኑ ይቀርና ለታናናሾቹ ተጨማሪ ቀንበር ይሆናል። አባት ሲሸነፍ አባት ይክፈል። ልጅቱ «አባባ፥ ዛሬ ጀበናውን የሚያጥቡት እርስዎ ነዎት» ብላ ስትስቅ ክብሩ የሚቀንስበት አባት የለም። በገና ጨዋታ ጊዜ ጌታ በሎሌው እንዳይቆጣ የቆየው ልማዳችን የሚያስተምረን ይህንኑ ነው፤ ሩሩን ተከትለው ሲሮጡ ባለማዕረግና ተራ ሰው አይለይም። በሜዳ ላይ ያወቅነውን በቤታችን ማድረግ አያቅተንም።

ስለ ቤት ሠራተኛም አንድ ቃል እንናገር። ብዙ የከተማ ቤቶች ከገጠር የመጣች ልጅ ይዘዋል፤ ከቤቱ ልጆች ጋር እኩያ የምትሆንበትም ጊዜ አለ። ቤተሰቡ ሲጫወት እርሷ ከበር ቆማ እንድታይ ማድረግ ተገቢ አይደለም። ምናልባትም ገበጣን ከቤቱ ልጆች ሁሉ አብልጣ የምታውቀው እርሷ ናት፤ በመስክ ላይ በጠጠር የተማረችው ናትና። ትቀመጥ፤ ታስተምራቸውም። አንድ ቀን ያስተማረቻቸውን ልጅ በማግስቱ ሊያንቋሽሿት ይከብዳቸዋል።

በገንዘብ መጫወት ግን ከቤት ይራቅ። ካርታ በራሱ ወረቀት ነው፤ ሳንቲም ሲቀመጥበት ቁማር ይሆናል። ቁማር የሚጀምረው በጥቂት ነው፤ ከዚያ የተበላውን ለማስመለስ ሲባል የዘይቱ፥ ከዘይቱም የልጁ ደብተር መግዣ ይከተላል። ጨዋታ ሲያልቅ ሁለቱም ወገን እየሳቀ የሚነሣበት ነው፤ አንዱ እያዘነ የሚነሣበት ከሆነ ስሙ ሌላ ነው። ልጆቻችን ይህን ልዩነት ከእኛ በቤት ካልተማሩት በደጅ ከማይራራላቸው ሰው ይማሩታል።

በመጨረሻ ስለ ትምህርት እናንሣ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ከተነሣው ግጭት ወዲህ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፥ ብዙ ልጆችም ከትምህርት ገበታ ርቀው በቤት ውለዋል። ጨዋታ ትምህርት ቤትን አይተካም፤ የሚተካው ነገርም የለም። ነገር ግን በቤት የዋለ ልጅ አእምሮው አብሮት እንዳይቀመጥ ይረዳል። 48 ፍሬ ለ12 ጉድጓድ የሚያካፍል ልጅ ማካፈልን ተምሯል፤ 4ቱ ፍሬ የት እንደሚያልቅ አስቀድሞ የሚያይ ልጅም ማሰብን ተምሯል። በካርታም እንዲሁ ነው። ሁለት ሁለት ቅጠል እየገለጡ ድምሩን ቀድሞ የተናገረው እንዲወስድ ቢያደርጉ ትንሹ ልጅ መደመርን ያቀላጥፋል። ቅጠሎቹን ሁሉ በፊታቸው ደፍተው፥ ሁለት ሁለት እያነሡ ተመሳሳዩን እንዲያገኙ ቢደረግ ደግሞ ማስታወስን ይለምዳል። በዚህኛው ጨዋታ ብዙ ጊዜ ልጆች አዋቂዎችን ያሸንፋሉና ትንንሾቹ እጅግ ይወዱታል።

እንግዲህ በሳምንት አንድ ማታ ቢመረጥ በቂ ነው። በዚያ ማታ የእጅ ስልኩ ከመደርደሪያው ላይ ይቀመጥ፤ ሰሐኑ በሁሉ እጅ ይታጠብ፤ ካርቶኑ በሰፌድ ላይ ይቀመጥ፤ ሽንብራውም ይቆጠር። ከዚያም የመጀመሪያው ተራ በሳምንቱ ውስጥ ብዙ ለሠራው ሰው ይሰጥ። ያ ሰው ማን እንደ ሆነ ቤተሰቡ ተነጋግሮ ይወስን፤ በአብዛኛው ቤት መልሱ ሳይቸግር የሚገኝ ይመስለናል።