መቐለ ተፈርዶ ይግባኙ አዲስ አበባ፦ የዕፅ ክስና የ15 ቀኑ ሩጫ

አንድ ልጅ በአደገኛ ዕፅ ዝውውር ተፈርዶበት ማረሚያ ቤት ሲገባ ሰፈር ሁለት ቦታ ይከፈላል። ግማሹ «የእጁን ነው ያገኘው» ይላል፤ ግማሹ «ይግባኝ በሉ እንጂ ምን ትጠብቃላችሁ?» ይላል። እኛ ከሁለተኛው ጋር ነን። ችግሩ ግን ከመቐለ የሚነሳው የይግባኝ መንገድ ረጅም ነው፣ ለመነሳት የተሰጠው ጊዜ ደግሞ በጣም አጭር። እስቲ እንየው።

ቅጣቱ ምን ያህል ነው?

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ያለ ፈቃድ ዕፅ የሚያመርት፣ የሚያጓጉዝ፣ የሚሸጥ ወይም የሚያከፋፍል ሰውን ከ5 ዓመት በማያንስ ጽኑ እስራትና እስከ 100 ሺህ ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል። ለተጠቃሚው ያስቀመጠው ቅጣት ሌላ ነው። ስለዚህ «አዘዋዋሪ» ወይስ «ተጠቃሚ» የሚለው ጥያቄ ብቻውን የአንድን ወጣት ዓመታት ይወስናል። ይግባኝ ላይ ብዙ ጊዜ ክርክሩ የሚከረውም እዚህ ጋ ነው፦ ሻንጣው ውስጥ ያለውን ያውቅ ነበር? ማስረጃው መሸጡን ያሳያል ወይስ መያዙን ብቻ?

ለምን አዲስ አበባ?

የአደገኛ ዕፅ ዝውውር ከአዋጅ ቁጥር 25/1988 ጀምሮ የፌዴራል ጉዳይ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት የክልል ፍርድ ቤቶች የፌዴራል ጉዳዮችን በውክልና ያያሉ። የትግራይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚህ ውክልና የሰጠው ፍርድ ይግባኙ የሚቀርበው ለፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። ያ ማለት በመኪና ወደ 780 ኪሎ ሜትር። ጉዳዩን ያየው የክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሆነ ግን ይግባኙ እዚሁ ለክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ «የፈረደው የትኛው ፍርድ ቤት ነው?» ብሎ ማጣራት ነው።

ሰዓቱ ከመቼ ይቆጥራል?

በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 187 መሠረት፣ ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ይግባኝ እንደሚባል ለፈረደው ፍርድ ቤት ማሳወቅ ያስፈልጋል። ከዚያ የውሳኔው ግልባጭ ከደረሰ በኋላ ማመልከቻውን ለማስገባት 30 ቀን አለ። ቤተሰብ የጠበቃ ብር ሲያሰባስብ፣ «ሰው አውቃለሁ» የሚል ደላላ ሲያመላልሰው 15ቷ ቀን ሽው ትላለች። ማሳወቂያው ግን አጭር ጽሑፍ ነው፤ ጠበቃ እስኪገኝ መጠበቅ የለበትም።

ጊዜው ካለፈስ? አንቀጽ 191 ቀኑ ያለፈው በአመልካቹ ጥፋት ካልሆነ ማስፈቀድ እንደሚቻል ይናገራል። ለትግራይ ይህ አንቀጽ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት ድረስ በዘለቀው ጦርነት ስልክም፣ ባንክም፣ በረራም ተቋርጦ ነበር። የመቐለ በረራ የተመለሰው ታኅሣሥ 2015 ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ አዲስ አበባ ይግባኝ ማስገባት ያልቻለ ሰው በራሱ ጥፋት አልዘገየም።

«ለዕፅ ነጋዴ ነው የምትከራከሩት?» የምትሉን አትጠፉም። ጦርነቱ ያደከመውን ወጣት ዕፅ እየበላው እንደሆነ እኛም እናያለን። ግን ይግባኝ በር ከፍቶ መልቀቅ አይደለም። ዐቃቤ ሕግም ቅጣቱ አነሰ ብሎ ይግባኝ ማለት ይችላል። ለሌላ ሰው ዕቃ ይዞ የተያዘውን ልጅ ከዋናው ነጋዴ የሚለይልን፣ የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ከሳተ፣ ይህ ሁለተኛ ዓይን ነው።

የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የክልል ባለጉዳዮችን በፕላዝማ ሲያከራክር ኖሯል፤ ስለዚህ ርቀቱ መላ አለው። የጎደለው ሌላ ነው፦ ቅጣት በተነበበ ዕለት፣ ለተፈረደበት ሰው «ይግባኝህ ለዚህ ፍርድ ቤት ነው፣ የመጨረሻ ቀንህ ይህ ነው» የሚል አንድ ወረቀት በሚገባው ቋንቋ ቢሰጠው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የይግባኝ መብት ሰጥቶታል። ቀኑን የማያውቅ ሰው ግን ምኑን ይጠቀምበታል?

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ዘመድ የታሰረበት ሰው ካወቃችሁ ሼር አድርጉለት። 15 ቀን ቶሎ ያልቃል።